ከመጣል በፊት መውደቅ፦ በጎንደር ታዳጊዎችን ራግቢ የማስጀመር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጎንደር ከተማና በአካባቢዋ ለሚገኙ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ ጨዋታውን በቴሌቪዥን አይተው ለወደዱት ወጣቶች፣ እንዲሁም ለሠፈራቸው ልጆች ጊዜያቸውን ለመስጠት ለቆረጡ ሰዎች ነው። ሃያ ያህል ልጆች፣ ኃላፊነት የሚሰማቸው ሁለት አዋቂዎች፣ አንድ ሜዳና ሁለት ኳስ ከተገኙ ሥራው ይጀመራል። የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ብዙ ነው።

ጎንደር የእግር ኳስ ከተማ ናት። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ አሸናፊ የሆነበትን ዓመት የሚያስታውስ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ራግቢ ከእግር ኳስ ልጅ ሊነጥቅ አይመጣም፤ መምጣትም የለበትም። በየትምህርት ቤቱ ግን ቡድን ሲመረጥ ሁልጊዜ ከመስመር ውጭ የሚቀሩ ልጆች አሉ፦ ወፍራሙ፣ ከእኩዮቹ በላይ የረዘመው፣ እግሩ ለኳስ አልታዘዝ ያለው ሩጫው ግን የሚያስደንቀው። ራግቢ ለእነዚህ ሁሉ ቦታ አለው። አሥራ አምስት ሆኖ በሚጫወት ቡድን ውስጥ ከባዱ ልጅ ፊት መስመር ላይ፣ ረጅሙ ከአየር ላይ ኳስ በመቀበል፣ ፈጣኑ ደግሞ በክንፍ እኩል ይፈለጋሉ።

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ልጅ ሰው መጣልን ከመማሩ በፊት መውደቅን ይማር። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ደረጃ ለመዝለል የሚቸኩል ሰው፣ የቱንም ያህል ጨዋታውን ቢያውቅ፣ ለልጆች አሰልጣኝነት አይሆንም።

ጨዋታው በአጭሩ

ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ትያዛለች። ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት በእጅ አትወረወርም፤ ወደ ፊት የሚኬደው ይዞ በመሮጥ ወይም በእግር በመምታት ነው። ከተጋጣሚው መስመር ማዶ ኳሷን መሬት ላይ ያሳረፈ ተጫዋች ትራይ አስቆጠረ ይባላል፤ 5 ነጥብ ነው። ከትራይ በኋላ በምሰሶዎቹ መካከል የሚመታው ተጨማሪ ምት 2፣ የቅጣት ምት 3 ነጥብ ያስገኛል። ሙሉው ጨዋታ አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት ሆኖ ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ይካሄዳል። ሰቨንስ የሚባለው ደግሞ በዚያው ሰፊ ሜዳ ላይ ሰባት ለሰባት፣ ሁለት ጊዜ 7 ደቂቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ በወንዶችም በሴቶችም የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል።

ለጎንደር የምመክረው ሰቨንስን ነው። ሠላሳ ልጅ እስኪሰበሰብ ሳይጠበቅ በአሥራ አራት ልጅ ጨዋታ ይወጣል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እየሮጡ ያደጉ ልጆችም ጉልበታቸውን የሚያሳዩበት ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በራግቢ ስሟን ያስጠራችው በዚሁ በሰቨንስ ነው፤ የናይሮቢው ሳፋሪ ሰቨንስ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ በ2016 ደግሞ የኬንያ ቡድን በሲንጋፖር ውድድር ፍጻሜ ፊጂን 30 ለ 7 አሸንፏል። በዚያው ዓመት በወንዶች የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደችው ፊጂ ነበረች። ይህን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ሩቅ አገር ያለ ነገር መስሎ አይታያቸውም።

1. ወላጅን ማናገር

ሥራው ሜዳ ላይ ሳይሆን ወላጅ ዘንድ ይጀመራል። በስልክ የሚዘዋወሩት የራግቢ ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ግጭት ብቻ የተለቀመባቸው ስለሆኑ ወላጆች የሚያውቁት ያንን ነው። አንዲት እናት «ልጄን አንገቱን ሰብራችሁ ብታመጡልኝስ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መልሱም «አይዞዎት፣ ምንም አይሆንም» አይደለም። እንዲህ በሏቸው፦ «እናቴ፣ እንደ ማንኛውም ስፖርት ጉዳት ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ግን ልጅዎ ማንንም አይጥልም፣ ማንም አይጥለውም። ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ ራስዎ መጥተው አይተው ሲፈቅዱልን ነው የምንጀምረው። ካልፈቀዱም ያለ ንክኪ በሚጫወቱት ቡድን ይቀጥላል።» ቃላችሁን ደግሞ ጠብቁ።

የስምምነት ወረቀቱ ሁለት ፊርማ ይኑረው፤ አንዱ ለታግ ራግቢ (ሰው ሳይጣል፣ ወገብ ላይ የተሰካ ጨርቅ በመንጠቅ ለሚጫወቱት)፣ ሌላው ለታክል (ኳስ የያዘን ተጫዋች ይዞ ለመጣል)። የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስልክ፣ እንደ አስም፣ የሚጥል በሽታና የልብ ሕመም ያሉ ችግሮች ይመዝገቡበት። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡላቸው እንጂ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎም ወደ ከተማው ወጣቶችና ስፖርት መምሪያ በደብዳቤ ሂዱ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ውስጥ ረዳት አሰልጣኝ ለመሆን ፈቃደኛ የሚሆን አይጠፋም፤ ጠይቁ። ዓለም አቀፉ የራግቢ አስተዳዳሪ ተቋም ወርልድ ራግቢ በድረ ገጹ ላይ ስለ ሕግ፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ጭንቅላት ጉዳት ነጻ ትምህርቶች አሉት፤ አሰልጣኝ የሚሆን ሁሉ ልጆቹን ከማግኘቱ በፊት ይጨርሳቸው። ሌላው የማይታለፍ ሕግ፦ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይሁን፣ መልእክትም የሚላከው ለወላጅ እንጂ ለልጅ ስልክ አይደለም።

2. ሜዳ

ጎንደር ውስጥ ሜዳማ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። የትምህርት ቤት ሜዳ ከተገኘ ከሁሉ ይሻላል፤ አጥር አለው፣ ወላጅም ያውቀዋል። ለጀማሪዎች 50 ሜትር በ30 ሜትር ይበቃል።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ልጆቹን በክንድ ርቀት ጎን ለጎን አሰልፋችሁ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ አስኪዷቸው። እያንዳንዱ እግሩ ሥር ያየውን ድንጋይ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ሚስማርና እሾህ ይልቀም። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ልጆቹም ሜዳውን የራሳቸው አድርገው ያዩታል።

የመሬቱ ጥንካሬ ግን ከሁሉም የባሰ ጉዳይ ነው። በክረምት የሚለሰልሰው ጥቁር አፈር ከጥር ጀምሮ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የወደቀበትን ልጅ አይምርም። ስለዚህ ተረከዛችሁን አጥብቃችሁ መሬት ላይ ትከሉ፤ ምልክት ካልተወ በዚያ ቀን መውደቅም ታክልም የለም፣ ልምምዱ በታግ ብቻ ይሁን። ይህን ሕግ ለማንም ብላችሁ አታላሉ፤ ለጨዋታ የጓጓ ልጅ ቢለምንም፣ እንግዳ ሊያይ ቢመጣም።

መስመር ለማስመር ኖራ አትጠቀሙ። ልጆች ፊታቸውን ይዘው የሚወድቁበት ቦታ ላይ የተነሰነሰ ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። አመድ ወይም ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይበቃል።

3. ዕቃ

የኳስ መጠን በዕድሜ ይለያል፦ እስከ 9 ዓመት ቁጥር 3፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ቁጥር 4፣ ከ15 ዓመት በላይ ቁጥር 5። ቁጥር 5 ርዝመቷ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ410 እስከ 460 ግራም ነው። ትንሽ እጅ ያለውን ልጅ በትልቅ ኳስ ማስጀመር መያዝን ሳይሆን መጣልን ማስተማር ነው። ጎንደር ላይ ካጣችሁ ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ካለም አየሩ የወጣ ኳስ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም፣ የመንፊያ መርፌውን ግን አብሮ እንዲልክ አትርሱ። እስኪመጣ ድረስ ከትምህርት ቤቱ የእጅ ኳስ ተዋሱ፤ ወደ ኋላ ማቀበልንና መቀበልን ለመለማመድ ምንም አያንሰውም።

ለታግ ራግቢ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰዱ። ሦስት ጣት ያህል ስፋትና የክንድ ርዝመት ባለው ቁራጭ ይቁረጥላችሁ፣ ጫፉንም ይዘምዝምላችሁ። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቁራጭ በግራና በቀኝ ዳሌው በኩል ከቁምጣው ወገብ ውስጥ ይሰካል። አይቋጠርም፤ ሲሳብ በቀላሉ መውጣት አለበት።

ጫማን በተመለከተ ቡድኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን፦ ወይ ሁሉም በሸራ ጫማ፣ ወይ ሁሉም በታኬታ፣ ሜዳው ንጹሕ ሳር ከሆነ ደግሞ ሁሉም በባዶ እግር። የአንዱ ታኬታ የሌላውን ባዶ እግር ሲረግጥ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ኮንጎ ጫማ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ከሜዳ ውጭ ይቀመጥ። ጥፍር ይቆረጥ፤ ጉትቻ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ። ለታክል የደረሱ ልጆች ሁሉ የጥርስ መከላከያ ያስፈልጋቸዋል፤ በፈላ ውኃ ለስልሶ በጥርስ ተነክሶ ቅርጹን የሚይዘው ርካሹ ዓይነት ይበቃል፣ ለሁለት ልጅ ግን አንድ አይሆንም።

ስለ ማተብ በተለይ ልናገር። ብዙዎቹ ልጆች አንገታቸው ላይ ያስራሉ፤ አሰልጣኝ እጁን ሰዶ አይፍታው፣ «አውልቅ» ብሎም አይዘዝ። ለወላጅ አስቀድማችሁ አስረዱ፦ የብረት ወይም የእንጨት መስቀሉ በልምምድ ቀን ቤት ይቀመጥ፤ ክሩ ቢያዝ ወዲያው የሚበጠስ ቀጭን ፈትል ይሁን፣ አጥሮ ይታሰርና ከልብስ ሥር ይግባ። ወፍራም ገመድ ያሰረ ልጅ ታክል ውስጥ አይግባ፤ ታግ ይጫወት። በአክብሮት ሲነገራቸው ወላጆች ራሳቸው መፍትሔ ያመጣሉ። ሂጃብ የምትለብስ ልጅም በራግቢ ሕግ ተፈቅዶላታል፤ በመርፌ ቁልፍ ሳይሆን በመታሰር መያዙን ብቻ አረጋግጡ።

4. በቁመትና በክብደት መመደብ

የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ብዙ ነው፤ ያለውም ቢሆን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች አንዱ ገና ልጅ፣ ሌላው ጢም ያበቀለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለታክል ልምምድ ዕድሜን ብቻ አትመኑ። አንድ ሚዛን ተዋሱ፣ ቁመትና ክብደት መዝግቡ፣ ጥንዶችን በዚያ አጣምሩ። ሴቶችና ወንዶች ታግን አብረው መጫወት ይችላሉ፤ ታክል ባለበት ጨዋታ ግን ከ12 ዓመት በኋላ ይለያዩ።

ሴቶቹ እንዲቆዩ ከፈለጋችሁ ሰዓቱን ከእነሱ ጋር ተስማሙበት። ከትምህርት በኋላ ውኃ መቅዳትና ወጥ መሥራት የሚጠብቃት ልጅ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ካልመጣች ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ቢያንስ አንዲት ሴት አሰልጣኝ ወይም ረዳት ትኑር፤ ረጅም ቱታ ለብሰው ቢጫወቱም ማንም አያስገድዳቸው።

5. የመጀመሪያው ቀን

አንድ ሰዓት ይበቃል። ሕግ አታስተምሩ፤ ገለጻ አታብዙ። ልጅ የመጣው ኳሷን ለመያዝ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ትያዝለት።

በአባሮሽ ጀምሩ። ሁሉም ልጅ ጨርቁን ሰክቶ በአንድ ትንሽ አደባባይ ውስጥ ይሩጥ፤ የሌላውን ጨርቅ እየነጠቀ የራሱን ያድን። ይህ የሚያውቁት ጨዋታ ነው፤ ማምለጥን፣ አቅጣጫ መቀየርን፣ ወገብ ላይ ማየትን ያስተምራቸዋል። ወገብ ላይ ማየት በኋላ ታክል ሲመጣ ዋጋ አለው፤ ተጫዋች በዓይኑና በትከሻው ሊያታልል ይችላል፣ በወገቡ ግን አይችልም።

ቀጥሎ ማቀበል። አራት አራት ሆነው ጎን ለጎን ይቁሙ፣ በመካከላቸው ሦስት እርምጃ ይኑር። ኳሷ በሁለት እጅ፣ በተዘረጉ ጣቶች ትያዝ፤ መዳፍ አይጠጋት። አቀባዩ ፊቱን ወደ ተቀባዩ ያዞራል፣ ክንዶቹን በሰውነቱ ፊት ለፊት ያወናጭፋል፣ ሲለቅ ጣቶቹ ተቀባዩን ያመለክታሉ። ተቀባዩ ሁለት እጁን ዘርግቶ መዳፉን ያሳያል፣ ስምም ይጠራል። መጀመሪያ ቆመው፣ ከዚያ እየተራመዱ፣ ከዚያ በሶምሶማ። የጀማሪ ሁሉ ችግር አንድ ነው፦ ተቀባዩ ከአቀባዩ ቀድሞ ይሮጣል፣ ኳሷም ወደ ፊት ትወረወራለች። ፊሽካ አትንፉ፤ «ከኋላዬ!» ብሎ የሚጮህ ልጅ ሹሙና በዚያ ድምፅ ራሳቸውን ያርሙ።

የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች ይጫወቱ። ሕጉ ሁለት ብቻ ይሁን፦ ወደ ፊት አይወረወርም፤ ጨርቅህ ከተነጠቀ ታቀብላለህ። ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

6. ሁለት ወር ታግ

በታግ ራግቢ ጨርቅ የነጠቀ ተከላካይ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ታግ!» ብሎ ይቆማል። ኳስ የያዘው በሦስት እርምጃ ውስጥ ያቀብላል፣ ጨርቁን ተቀብሎ መልሶ ሳይሰካ ወደ ጨዋታ አይገባም። አንድ ቡድን ስድስት ጊዜ ከተነጠቀ ኳሷ ለሌላው ትሰጣለች። ልብስ መያዝ፣ ሰው መግፋት፣ ጨርቅን በእጅ መከላከል አይፈቀድም።

በዚህ ጊዜ አንድ ልምምድ ደጋግሙ፦ ሁለት አጥቂ ለአንድ ተከላካይ። አሥር ሜትር ስፋት ባለው መተላለፊያ ውስጥ ኳስ የያዘው ልጅ በቀጥታ ወደ ተከላካዩ ይሮጣል፤ ተከላካዩ ወደ እሱ ከመጣ ለጓደኛው ይሰጣል፣ ወደ ጓደኛው ካዘነበለ ራሱ ያልፋል። ራግቢ ማለት በአብዛኛው ይህ ውሳኔ ነው። ቀድሞ ያቀበለ ተከላካዩን ነጻ ያወጣዋል፤ ዘግይቶ ያቀበለ ይያዛል። ልጁ ይህን ጊዜ በዓይኑ መለካት ሲጀምር ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ።

7. መውደቅ፣ ከዚያ ታክል

አሁን ሁለተኛው ፊርማ ያላቸው ልጆች ብቻ፣ ለስላሳ መሬት ላይ ብቻ።

መውደቅን ከመንበርከክ ጀምሩ። ልጁ ኳሷን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያቅፋል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፣ ወደ ጎን ይወድቃል። መጀመሪያ መሬት የሚነካው ዳሌ ነው፣ ቀጥሎ ትከሻ። እጅ ለመመከት አይዘረጋም፤ የእጅ አንጓና ክርን የሚሰበረው እንደዚያ ነው። ኳስ የምናስታቅፈውም ለዚህ ነው፤ ሁለቱም እጆች ሥራ ይዘዋል። ወድቆ ሳይዘገይ ሰውነቱን ዘርግቶ ኳሷን በሁለት እጁ ወደ ራሱ ቡድን አቅጣጫ ያስቀምጣል። በቀኝም በግራም ይለማመድ። ተንበርክኮ ሲችል ቁጢጥ ብሎ፣ ከዚያ ቆሞ፣ ከዚያ እየተራመደ። ሦስትና አራት ልምምድ በዚህ ብቻ ቢያልፍ አትሰልቹ።

ታክል የሚጀመረውም ከመንበርከክ ነው። እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ይንበርከኩ። ጣዩ ዓይኑን አይጨፍንም፣ አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ አገጩ ከደረቱ ይርቃል። እዚህ ላይ ልጆች ይምታታባቸዋል፦ ስትወድቅ አገጭህ ወደ ደረት፣ ስትጥል አገጭህ ከደረት የራቀ። በየልምምዱ አስደግሟቸው። ትከሻው የተጋጣሚውን ጭን ይነካል፣ ጭንቅላቱ ከሰውየው በስተኋላ ይሆናል፣ ጉንጩ ከመቀመጫው ጋር ይለጠፋል። ጭንቅላት ከሯጭ ፊት ለፊት ከገባ ጉልበት ወይም ዳሌ ይመታዋል፤ የዚህ ጨዋታ ትልቁ አደጋ እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ሁለት ክንዱን ጠምጥሞ ይቆልፋል፣ አጥብቆ እየያዘ አብሮ ይወድቃል።

ቅደም ተከተሉ፦ ሁለቱም ተንበርክከው፤ ጣዩ በአንድ ጉልበት ኳስ ያዡ እየተራመደ፤ ሁለቱም እየተራመዱ፤ በመጨረሻ በሶምሶማ። ሙሉ ሩጫ ለጨዋታ ይቆይ። በአንድ ልምምድ ከ15 ደቂቃ በላይ ታክል አታሠሩ፤ ሰውነት ሲደክም ጭንቅላት ወደ ተሳሳተ ቦታ ይሄዳል። ሕጉ ከትከሻ በላይ መያዝን፣ ክንድ ሳይጠመጥሙ መግጨትን፣ አየር ላይ ያለን ሰው መንካትን ይከለክላል። ለታዳጊ ከዚያም ዝቅ አድርጉት፤ ወገብና ከወገብ በታች ይሁን።

ታክል ሲቃረብ ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ ታገኛላችሁ። ጎንደር ውስጥ ልጅ «ፈሪ» ከሚባል ቢጎዳ ይመርጣል፤ ጀግንነት ሲወደስ ሰምቶ ነው ያደገው። ስለዚህ ይህ ቃል ከሜዳችሁ ይውጣ፤ አሰልጣኝም ተጫዋችም ሜዳ ዳር የቆመ ታላቅ ወንድምም አይናገሩት። ልጁን በሰው ፊት ሳትወቅሱ ወደ መንበርከኩ መልሱት። ፍርሃቱ ቦታውን ስላላወቀ ነው፤ ጉንጩ የት እንደሚሄድ ሲያውቅ ዓይኑ ይከፈታል።

ስክረም (የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተያይዘው ለኳስ የሚገፋፉበት) እና ላይንአውት (ከጎን መስመር የወጣች ኳስ ስትወረወር ተሰልፈው የሚሻሙበት) ለመጀመሪያው ዓመት ብዙ አያስጨንቋችሁ። በሰቨንስ ስክረሙ ሦስት ለሦስት ነው፤ ያለ መገፋፋት ይሠራ። ከ19 ዓመት በታች በሚደረገው ሙሉ ጨዋታም ቢሆን ከ1.5 ሜትር በላይ መግፋት በሕግ ተከልክሏል።

8. ጭንቅላት የተመታ ልጅ

ይህን ክፍል አሰልጣኙ ብቻ ሳይሆን ልጆቹም ወላጆችም ይወቁት። ራሱን መሳት አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜም አይስትም። የፈዘዘ፣ የተንገዳገደ፣ ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው፣ ብርሃን ያስጠላው፣ ውጤቱን ወይም የመጣበትን መንገድ የረሳ፣ አንድ ጥያቄ የሚደጋግም ልጅ ከሜዳ ይወጣል፤ በዚያ ቀን አይመለስም። መጠራጠር ብቻውን ይበቃል። «ደህና ነኝ» ይላል፤ አትቀበሉት።

ውኃ ረጭቶ፣ ጎትቶ ማስነሳት ይቁም። አንገቱን አመመኝ ያለ፣ እጅ እግሩ የደነዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ካለበት አይነቃነቅ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ባለበት ይያዝ፣ ሌላው አምቡላንስ ይጥራ። ባጃጅ ላይ አታጥፉት። የቀይ መስቀልንና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን የስልክ ቁጥር አሰልጣኙ በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ የስልክ ባትሪ ያልቃል። ከአሰልጣኞቹ አንዱ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የሚሰጠውን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ሳይወስድ ታክል አትጀምሩ።

ጭንቅላቱ የተመታ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት ብቻውን አይደር። ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ለመንቃት መቸገር ከታየ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይወሰድ። ቀስ በቀስ ወደ ትምህርት፣ ከዚያ ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያ ወደ ታግ ይመለሳል፤ ወደ ታክል ጨዋታ ግን ከ21 ቀን በፊት አይገባም፣ ምልክቱ ካልጠፋ ደግሞ ከዚያም በኋላ አይገባም።

ወጌሻን አከብራለሁ፤ ስንቱን ወለምታ አቃንቷል። ነገር ግን ያበጠ፣ ቅርጹ የተለወጠ ወይም መርገጥ የከለከለ እግርና እጅ መጀመሪያ ራጅ ይታይ። የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ጉዳቱ ይብሳል።

9. ወቅትና ሰዓት

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ መሬቱም ለስላሳ ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋት ታግ ለመጀመር ይመቻል። ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያው ወደ ክፍል ግቡ፤ ከባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ። እንዲህ ከጀመራችሁ መውደቅና ታክል መስከረምና ጥቅምት ላይ ይደርሳሉ፤ ሳሩም በደንብ ያለበት ጊዜ ያኔ ነው። ኅዳር ለውድድር ነው። ከጥር በኋላ ወደ ታግ መመለስ።

በትምህርት ወቅት ማክሰኞና ሐሙስን ምረጡ። ረቡዕና ዓርብ ብዙ ልጆች ይጾማሉ፣ ዓርብ ጁምዓም አለ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀናትና በረመዳን ልምምዱን አቅልሉ፤ ባዶ ሆዱን የመጣን ልጅ ማቀበልና የቦታ አያያዝ አስተምሩት እንጂ አታስሩጡት። የጥምቀት ሰሞን ሜዳ ላይ ልጅ አትጠብቁ። አሥር ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጨርሱ፤ ሳይመሽ ሁሉም ቤቱ ይድረስ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ይምጣ፤ ቧንቧ በሌለበት ቀን አንድ ጀሪካን ለቡድኑ በተጠንቀቅ ይኑር።

10. የመጀመሪያው ጨዋታ

ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤቶች ይበቃሉ። ታናናሾቹ ታግ፣ ታላላቆቹ ሰቨንስ ይጫወቱ፤ ግማሹ 5 ደቂቃ ይሁን። ልጅ ሁሉ ቢያንስ ግማሽ ጨዋታ ይግባ፤ ለማሸነፍ ሲባል አንድም ልጅ ቀኑን ሙሉ ዳር ላይ አይቀመጥ። ዳኛን የሚያናግረው አምበሉ ብቻ ነው፣ እሱም በትሕትና። ሜዳ ዳር ያለ ወላጅና አሰልጣኝ ዳኛ ላይ ከጮኸ ጨዋታው ይቁም፤ አንድ ጊዜ ከቆመ ሁለተኛ አይደገምም።

ሲያበቃ ተጋጣሚዎቹ ተሰልፈው ይጨባበጡ፣ ከዚያም አብረው ይብሉ። ይህ የራግቢ የቆየ ልማድ ነው፤ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዳቦ፣ ሻይና ቆሎ ይበቃል፤ ቡድኖቹ ግን ተቀላቅለው ይቀመጡ።

በማግስቱ መዝገባችሁን አውጡ። ለሁለት ተከታታይ ልምምድ የቀረ ልጅ ካለ ሰው አትላኩ፤ ራሳችሁ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ። አንዱ ታሞ ይሆናል፣ አንዱ ጫማ የለውም፣ አንዷ ታናሽ ወንድሟን የሚጠብቅላት አጥታ ይሆናል። የሚጠበቀውን ታናሽ ወንድም ይዛው ትምጣ፤ ጨርቅ ሰክታችሁ ከታናናሾቹ ጋር አስገቡት።